ልጄ ከፒያኖዋ ጋር እስክትታረቅ

ይህን የምጽፈው በሳሎናቸው ወይም በመኝታ ክፍላቸው ጥግ ላይ በዳንቴል የተሸፈነ ኪቦርድ ላስቀመጡ ወላጆች ነው። የእኛም ቤት ኪቦርድ ከጥር እስከ መጋቢት 2015 ድረስ እንዲሁ ተሸፍኖ ከርሟል። ዳንቴሉን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር።

የምንኖረው ጅማ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ሥራው ከቡና ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ትልቋ ልጄ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ወንድሟ አምስት።

ነገሩ የተጀመረው ሠርግ ላይ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሲያገባ ድንኳኑ ውስጥ ኪቦርድ የሚመታ ሰው ነበር፤ ልጄ ከጎኑ ቆማ ጣቶቹን ስታይ አመሸች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ለመነችን። ጳጉሜን 2014 ላይ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ በእግሮቹ መካከል አቁሞ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞልን መጣ። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ ለጀማሪ ልጅ ግን 61 ይበቃል። የምትገዙ ከሆነ ከቁልፉ ብዛት ይልቅ ይህን ፈትሹ፦ ቁልፉን በቀስታ ስትጫኑት ለስለስ ያለ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ጎላ ያለ ድምፅ ይስጥ። ይህ የሌለው ኪቦርድ ልጁ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ የሚመልስለት ድምፅ ያው ስለሆነ ቶሎ ያሰለቻል። የእኛው ደግነቱ ይህ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምራትም ወጣት አገኘን፤ በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ኪቦርድ የሚመታ፣ ትዕግሥት ያለው ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ወር ሠርግና ምላሽ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ኪቦርዱ ትሮጥ ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን «ተለማመጂ» እላለሁ። «እሺ» ትላለች። ትቀመጥና ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብላ ፋ ላይ ስትደርስ ትሰናከላለች፤ ከዶ ትጀምራለች፤ እንደገና ፋ ላይ ትሰናከላለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ውሃ ይጠማታል፣ ቀጥሎ ሽንቷ ይመጣል፣ ቀጥሎ የረሳችው የቤት ሥራ ትዝ ይላታል። እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ «ሠላሳ ደቂቃ አልሞላም» እላለሁ። እንዲህ እያልን ሁለታችንም ተኮራርፈን እንተኛለን።

ያን ጊዜ የሠራኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ሁሉንም በደግ ልብ ነው የሠራኋቸው፤ እናንተም በደግ ልብ ትሠሯቸው ይሆናል።

ግቢያችን ውስጥ ሦስት አባወራዎች ነን። ሰው እንዳይረበሽ ብዬ ኪቦርዱን መኝታ ክፍል አስገባሁት፤ የጆሮ ማዳመጫም ገዛሁላት። ጎረቤት አልተረበሸም። ነገር ግን አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በየማታው በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንም የማይሰማውን ድምፅ ብቻዋን እየሰማች ትቀመጥ ጀመር። ሳሎን ውስጥ ወንድሟ ከአያቱ ጋር ይስቃል፣ ቡና ይቆላል፣ ቤቱ ይሞቃል። ቅጣት የተቀጣች ልጅም ብትሆን ከዚህ የተለየ ነገር አይደርስባትም ነበር። እኔ ይህን ለማየት ወራት ፈጀብኝ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ከሞላች አሥር ብር እሰጣታለሁ አልኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ከመቀመጧ በፊት «ዛሬም አሥር ብር ነው?» ትለኝ ጀመር። በሦስተኛው ደግሞ ቀላሏን ዜማ ብቻ እየደጋገመች ሠላሳውን ደቂቃ ታስቆጥር ነበር፤ ከባዷን አትነካትም። ይህ ነገር መምህርነት ስሠለጥን የተማርኩት ነበር! በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪን እና ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ መዋእለ ሕፃናት ልጆችን አጥንተው፣ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ተብሎ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች በኋላ በነጻ ጊዜያቸው ከሌሎቹ ያነሰ እንደሣሉ አሳይተዋል። ሳይጠብቁት በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ለፈተና አጥንቼው ያለፍኩትን ነገር ልጄ ላይ ረሳሁት። እናንተ ልጃችሁን መሸለም ከፈለጋችሁ ሸልሙ፤ ሳይጠብቅ ይሁን እንጂ፣ በደቂቃ ተለክቶ አይሁን።

ሦስተኛው የገና ዕለት የሆነው ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2015 ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ዶሮው ከቀረበ በኋላ ኪቦርዱን ከመኝታ ክፍል አስወጥቼ «ነይ እስኪ፣ ለእንግዶቹ ተጫወቺላቸው» አልኳት። ጠጋ ብላ በጆሮዬ «እማዬ፣ እባክሽ ዛሬ አይሁን» አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ግን ሰው ሁሉ እያየን ነበርና «ምን ያሳፍርሻል? በይ ተቀመጪ» አልኳት። ጀመረች፣ ተሰናከለች፣ ጀመረች፣ ተሰናከለች። ከእንግዶቹ አንዷ በቅንነት «የእኔ እህት ልጅ መማር በጀመረች በሦስት ወሯ ሙሉ መዝሙር ትመታ ነበር» አለች። እኔም ልጄን ከመከለል ይልቅ «ይቺማ ስለማትለማመድ ነው» አልኩ። በሰው ፊት። ልጄ አላለቀሰችም። ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ ኪቦርዱን አልነካችም። እኔም እልህ ይዞኝ አልለመንኳትም፤ ለመምህሩም ለጊዜው እንዳይመጣ ነገርኩት። ዳንቴሉ የተሸፈነው ያኔ ነው።

ልጅን በእንግዳ ፊት አስገድዳችሁ ኪቦርድ አታስመቱ። ራሱ «ልጫወትላችሁ?» ካለ ሌላ ነገር ነው። እምቢ ካለ ደግሞ እንግዳው ፊት ከእሱ ጎን ቁሙ።

በመጋቢት 2015 እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ማረፋቸው ተሰማ። በዚያ ሰሞን የፒያኖ ሥራዎቻቸው በተደጋጋሚ ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆኜ ከስልኬ ከፍቼ ስሰማ ልጄ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያም «እማዬ፣ ይህቺ ሴትዮ አትቸኩልም አይደል?» አለችኝ። እኚህ እናት መነኩሴ መሆናቸውን፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ መማራቸውን ነገርኳት። ካይሮ ሲማሩ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደነበር ግን አልነገርኳትም። የእኛ ቤት ጠብ በአሥር ደቂቃ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የተጣላችውን ልጅ አያስታርቃትም። እሷ ወደ መኝታ ክፍል ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ዳንቴሉ ሲነሣ፣ የኪቦርዱ ማብሪያ ጠቅ ሲል ሰማሁ። አልተከተልኳትም። በሕይወቴ ካደረግኳቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ያን ቀን ከወጥ ቤት አለመውጣቴ ነው።

የሰማችውን ስትፈልግ አመሸች፤ አላገኘችውም። ለመምህሩ ደወልኩና ቅዳሜ መጣ። ኖታውን ሳይከፍት «ነጮቹን እርሻቸው፤ ዛሬ ጥቁሮቹን ብቻ ንኪ» አላት። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለትና ሦስት እየሆኑ ተደርድረው በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ውስጥ አምስት ናቸው። የእኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶችም በአምስት በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያዋን፣ ማለትም ፋ ሻርፕን መነሻ አድርጎ በጥቁሮቹ ላይ ብቻ ወደ ቀኝ ሲኬድ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። እሱ በግራ በኩል ሁለት ድምፅ እያመላለሰ ያዘላት፤ እሷ በቀኝ በኩል የፈለገችውን ነካች። የትኛውንም ብትነካ አይጋጭም። ስህተት የሚባል ነገር የሌለበት ቦታ አገኘች። እናቴ ከሳሎን «ምን ተገኘ ዛሬ?» እያለች መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መምህሩም ሲወጣ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚሁ ጅማ መሆኑን ነገራት። «ከእኛ ከተማ?» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስታወራ ሰነበተች።

ልጃችሁ ከተኮራረፈ በዚህ ጀምሩ፤ በጥቁሮቹ። ኖታ ማንበብ አያስፈልገውም፣ እናንተም ፒያኖ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። በግራ በኩል ሁለት ጥቁር ቁልፎች እያፈራረቃችሁ ያዙለት፤ እሱ የወደደውን ይንካ።

ግን በጥቁር ቁልፍ መጫወት ትምህርቱን አይተካውም። ፋ አሁንም እዚያው አለች። እናም አንድ ማታ ሳንቆጣ፣ አልጋዋ ላይ ተጋድመን ጠየቅኳት፦ «ልምምዱ ምኑ ነው የሚያስጠላሽ?» ብዙ ካሰበች በኋላ የመለሰችልኝ ይህ ነው፦ «መምህሩ ሲኖር ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። እሱ ሲሄድ ግን አንቺ ‹ተለማመጂ› ትይኛለሽ፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ያው እመታዋለሁ፣ ያው እሳሳታለሁ።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ክፍል ውስጥ ገብቼ ለተማሪዎቼ «በሉ ሒሳብ ሥሩ» ብዬ አላውቅም። ገጽ ይህን ያህል፣ ጥያቄ ከዚህ እስከዚህ፣ ይህንን በዚህ መንገድ፣ ካቃታችሁ እዚህ ጋ ተመለሱ እላለሁ። ልጄን ግን በየማታው ምን እንደሆነ ባልተነገራት ሥራ ላይ አስቀምጬ ሰነፈች ብዬ ስቆጣ ኖሬአለሁ። ስንፍና አልነበረባትም። ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታደርግ ያሳያት ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመምህሩ ይህንኑ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እውነትሽን ነው እትዬ፤ እኔም ‹ለቅዳሜ ተለማመጂው› ብያት ነው የምሄደው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ መስመር ደብተር ገዛን። ከትምህርቱ መጨረሻ አምስት ደቂቃ እየቀነሰ የሳምንቱን ሥራ እዚያ ላይ ይጽፍላታል፦ የትኛው ዜማ፣ ከዜማው የትኛዋ ቁራጭ፣ በየትኛው እጅ፣ ምን ያህል በዝግታ። «ዜማውን ተለማመጂ» የሚል ነገር ደብተሩ ውስጥ አይጻፍም። የሚጻፈው «ሁለተኛው መስመር ላይ ያሉትን አራት ኖታዎች በቀኝ እጅ ብቻ፣ እየቆጠርሽ» የሚል ዓይነት ነው።

የፋዋን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ በእሷ ነው። በፒያኖ ጣቶች ቁጥር አላቸው፤ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5። በቀኝ እጅ ከዶ ተነሥቶ ስምንቱን ድምፅ ለመጨረስ አምስት ጣት አይበቃም። ስለዚህ ዶ፣ ሬ፣ ሚ በ1፣ 2፣ 3 ተመትተው ሲያበቁ አውራ ጣት ከመሐል ጣት ሥር ሾልካ ፋን ትይዛለች። የልጄ እክል ይህች ሹልክታ ነበረች። ስትሳሳት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ዶ ትመለሳለች። አስቡት እንግዲህ፤ ሃያ ጊዜ ስትመላለስ የምታውቃቸውን ሦስት ድምፆች ሃያ ጊዜ ተለማመደች፤ የማታውቃትን አንዲት እርምጃ ደግሞ ሃያ ጊዜ ተሳሳተቻት። እጇ የተማረው ስህተቱን ነው። መምህሩ ከዶ መነሣቱን ከለከላት። ሚ እና ፋን ብቻ፤ ሚን በመሐል ጣት ይዛ አውራ ጣቷን ከሥር እያሾለከች፣ ድምፅ ሳታወጣ ሳይቀር። ቀጥሎ ሬ፣ ሚ፣ ፋ። ቀጥሎ ከዶ። በአራተኛው ቀን አለፈችው። ለወራት የተጣላንበትን ነገር!

መቁጠሪያ እንዲሆናት እናቴ አምስት የቡና ፍሬ ሰጠቻት። ፍሬዎቹ ከኪቦርዱ ግራ ጫፍ ይቀመጣሉ፤ አስቸጋሪዋን ቁራጭ አንድ ጊዜ በትክክል ስትመታ አንዱን ፍሬ ወደ ቀኝ ታሻግራለች። አምስቱም ከተሻገሩ ያቺ ቁራጭ ለዛሬ አለቀች፤ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅም አለቀች። አንዳንዶች ልጁ ሲሳሳት ፍሬዎቹ ሁሉ ወደ መነሻው ይመለሱ ይላሉ። ሞክረነዋል፤ አራተኛው ላይ ተሳስታ አራቱም ሲመለሱባት ያለቀሰችው ልቅሶ ይበቃኛል። እኛ ቤት ስህተት ፍሬ አያስመልስም። ሰዓቱንም ከግድግዳው ላይ ባላወርደውም ማየቴን ተውኩ።

ደግሞ ወንበሩ። ልጄ ትቀመጥ የነበረው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ነበር፤ ኪቦርዱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ። አንድ ቀን ከጎን ቆሜ አየኋት። በርጩማው ዝቅተኛ፣ ጠረጴዛው ከፍተኛ ስለሆነ ክርኗ ከቁልፎቹ በታች ወርዷል፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሏል፣ የእጅ አንጓዋ ተቆልምሟል። በዚያ ሁኔታ እኔም አሥር ደቂቃ አልቆይም። ውሃ ጠማኝ ስትል ምናልባት ትከሻዬ አመመኝ ማለቷ ነበር፤ ልጅ ሁልጊዜ የሚያመውን ለይቶ አይናገርም። ተራ የእንጨት ወንበር አመጣን፤ ጋቢ አጣጥፈን ደረብንበት። ክርኗ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ከፍ አደረግናት። እግሮቿ አየር ላይ እንዳይንጠለጠሉ በርጩማውን ከሥር መርገጫ አደረግንላት። ይህን ለማድረግ አንድ ሳንቲም አላወጣንም። እባካችሁ ልጃችሁ ሰነፈ ከማለታችሁ በፊት ከጎን ቆማችሁ ክርኑን እዩ።

ኪቦርዱ ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ የጆሮ ማዳመጫው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ጎረቤቶቼን «ማታ ማታ ትንሽ ድምፅ ይኖራል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብዬ አስፈቀድኩ። አንዷ «እስካሁን የት ነበረች?» አለችኝ።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ነገር ሞክረን የጸናው በቡና የታሰረው ነው። እናቴ በየማታው ቡና ታፈላለች። ልጄ የምትቀመጠው ቡናው ታጥቦ ምጣዱ ላይ ሲወርድ ነው፤ የምትነሣው አቦል ሲቀዳ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። «ተለማመጂ» የሚል ሰው የለም፤ የሚጠራት ቡናው ነው። እናንተ ቤት ቡናው ቀን ከሆነ በሌላ ነገር እሰሩት፤ ከእራት በፊት፣ ከጸሎት በኋላ፣ ብቻ በየዕለቱ ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር ይሁን። በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ዓርብ ማታ ከሚደረግ ሁለት ሰዓት እጅግ ይሻላል።

ቡናው ሌላም ነገር አመጣ፤ ሰሚ። እናቴ ኖታ አታውቅም። እያመሰች ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትሰማለች፤ ሲያበቃ «ያቺን የትናንቷን ድገሚልኝ እስኪ» ትላለች። የትኛዋ እንደተሳሳተች አትናገርም፤ የትኛዋ እንደጣፈጠቻት ነው የምትናገረው። እኔ ለወራት አራሚ ሆኜ የቆምኩበትን ቦታ እናቴ በአንዲት «ድገሚልኝ» ሞላችው። ያኔ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ ማረም የቅዳሜው መምህር ሥራ ነው፣ እኔ በሳምንቱ ውስጥ ስህተት ብሰማም አፌን አልከፍትም። ከባድ ነው። በተለይ ለመምህር ከባድ ነው። ግን ልጄ ስህተቱን ራሷ እየሰማች መመለስ የጀመረችው እኔ ዝም ካልኩ በኋላ ነው።

ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ትንንሽ ልጆችን ሲያስተምሩ ወላጅ ትምህርቱ ላይ እንዲገኝ፣ እንዲያውም መሣሪያውን አስቀድሞ ጥቂት እንዲማር ያደርጉ ነበር። ይህን ሳነብ ዘግይቼ ነበር፤ ቢሆንም ልጄን «አስተምሪኝ» አልኳት። ያቺን ፋ የያዘችውን ሹልክታ እኔ ስሞክራት ጣቴ እንደ ደረቅ እንጨት አልታዘዝ አለኝ። ልጄ እጄን ይዛ «ቀስ በይ እማዬ፣ መጀመሪያ ሚ እና ፋን ብቻ» አለችኝ። ለካ ይህን ነበር «ቀላል ነገር» እያልኩ የምቆጣት። ሦስት ወር ያህል ተማሪዋ ሆንኩ። ብዙም አልገፋሁበትም፤ ግን የምታስተምረው ሰው ያለው ልጅ ያወቀውን ነገር አይረሳም።

ክረምቱ ሲገባ ሌላ ፈተና መጣ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ኪቦርድ ቀርቶ የጎናችሁ ሰው አይሰማም። ትምህርት ስለተዘጋ ልምምዱን ወደ ጠዋት፣ ወደ ቁርስ ቡና አዞርነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን ደግሞ አለ። መጀመሪያ ላይ መብራት ከሌለ ልምምድ የለም ነበር፤ ሁለት ቀን የጠፋ እንደሆነ የተቋረጠውን ለመመለስ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ኪቦርዳችሁ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ከሌለም በካርቶን ላይ ቁልፎቹን በልካቸው ሣሉ። ልጄ በሻማ ብርሃን ካርቶኑ ላይ ጣቶቿን እያስኬደች ድምፁን በአፏ ታወጣው ነበር፤ መምህሩ እንዳለው በዚያ ሰሞን የኖታ ንባቧ በጣም ተሻሻለ። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ወደ አምስት ደቂቃ ዝቅ እናደርገዋለን፤ ወደ ዜሮ ግን አናወርደውም።

በየወሩ መጨረሻ አንድ ዜማ በስልኬ እቀዳለሁ፤ ለማንም አላሳይም። የምናወጣው «ምንም አልተሻሻልኩም» የምትልበት ቀን ነው። የሚያዝያውን ከፍቼ ሳሰማት «ይሄ እኔ ነኝ?» ብላ ሳቀች። እኔ ተሻሽለሻል ብላት ኖሮ አታምነኝም ነበር።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አላታልላችሁም። በ2016 ሁለቱ እጆች የተለያየ ነገር የሚሠሩባቸው ዜማዎች ሲጀመሩ «ልተወው» አለችኝ። ያ ጊዜ ለብዙ ልጆች የሚመጣ ይመስለኛል፤ ጆሯቸው ከጣታቸው ቀድሞ ያድግና የሚመቱት ነገር ለራሳቸው አይጥማቸውም። በዚያን ቀን መልስ አልሰጠኋትም፤ በድካም ወይም በንዴት ሰዓት አንወስንም አልኳት። በማግስቱ «እስከ ፋሲካ እንሂድ፤ ከፋሲካ በኋላ ብትተዪውም አልቆጣም» ተባባልን። ቃሌን የምጠብቅ መሆኔን ማወቅ ነበረባት፤ ስለዚህ ቀኑን በቀን መቁጠሪያው ላይ እሷ ራሷ አከበበችው። መምህሩ ከባዱን ዜማ በግማሽ ፍጥነት አደረገላት፤ ከጎኑም ራሷ የመረጠችውን አንድ የምትወደውን ዜማ ጨመረላት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ዜማ አላት፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ። ፋሲካ አለፈ። እሷ ምንም አላነሣችም። ቃል ገብቼ ስለነበር እኔ አነሣሁት፤ «ቆይ፣ ገና ያልጨረስኩት አለ» ብላ ወደ ኪቦርዷ ዞረች።

ይህን የምጽፈው በ2017 ነው፤ ወንድሟም ሰባት ዓመት ሞልቶት «እኔስ?» አለ። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ወንበሩን ለካን፤ ለእሱ ሁለት ጋቢ አስፈለገ። ቀጥሎ የራሱን ደብተር ገዛን። ቀጥሎ አያቱ አምስት የቡና ፍሬ ቆጥራ ሰጠችው። ትናንት ማታ አቦል ሲቀዳ ሦስቱ ተሻግረው ሁለቱ ቀርተው ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ደክሞታል። «በቃ፣ ተነሥ» አልኩት። ዛሬ ጠዋት ሳሎኑን ልጠርግ ስገባ ከመኝታ ክፍሉ ጮኸብኝ፦ «እማዬ፣ ሁለቱን ፍሬ እንዳትነኪብኝ!»